«ሰርቪሱ አይሄድባችሁም»

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ለተሰበሰቡ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ስለ ፒኤች ኤሌክትሮድ፣ የፈሳሽን ኮምጣጣነት ስለምትለካው የመስታወት ዘንግ አያያዝ፣ የተናገርኩት ነው። አንዲት ልጅ በስልኳ ቀድታ፣ በጽሑፍ ገልብጣ ላከችልኝ። ድግግሞሹን ላስተካክል ብዬ ጀምሬ ተውኩት፤ አፌ እንዲያ ነው።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ?

ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ከቃሊቲም ከሱሉልታም የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደዚህ ኑ፣ ወንበር አለ። ጋሼ፣ እርስዎም ከፊት ይቀመጡ፤ የማሳየው ነገር ትንሽ ነው፣ ከሩቅ አይታይም።

ከመጀመሬ በፊት በር ላይ የገጠመኝን ላውጋችሁ። ፍተሻ ላይ ያለው ልጅ ቦርሳዬን ከፈተና ይቺን አወጣ። እዩአት፤ የፔኒሲሊን ጠርሙስ ናት። የጎማ ክዳኗን በስቼ ኤሌክትሮዷን አስገብቼባታለሁ፣ ከሥሯ ውሃ የሚመስል ነገር አለ። ልጁ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያት፣ ነቅነቅ አደረጋት፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ጸበል ነው?» አለኝ። «አይ ልጄ፣ የጨው ውሃ ነው» ብለው አላመነኝም መሰለኝ፣ በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? ምነው የኛ ላብራቶሪ ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ አድርጎ ቢይዛት!

ይቺኛዋ ሌላ ኤሌክትሮድ ናት። ከእናንተ መካከል አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ሞታለች» ብሎ ያመጣልኝ ናት። ንብረት ክፍል ሊመልሳት ሲል ነው የያዝኩት። እናንተ ሻይ ስትጠጡ እኔ ለካኋት። 7 ባፈር ውስጥ፣ ማለትም ፒኤቹ 7 መሆኑ በታወቀ ፈሳሽ ውስጥ፣ 12 ሚሊቮልት፣ 4 ባፈር ውስጥ 143 ሚሊቮልት አነበበች። ልዩነቱ ስንት ነው? 131። ይሄ ክፍል አሁን 20 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ሙቀት ጤነኛ ኤሌክትሮድ በሁለቱ መካከል 175 ገደማ ማሳየት አለባት። ስለዚህ ይቺ ከመቶ 75 ላይ ናት። ታማለች። ግን ሞታለች ወይ? አሁን 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ እከታታለሁ። አንተ ልጅ፣ ሰዓት ያዝልኝ፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ አቋርጠኝ።

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የምለው። አንደኛ፣ ይቺ ዕቃ ምን እንደሆነች። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደምንገድላት። ሦስተኛ፣ እንዴት እንደምናጥባት። ሁለተኛው ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም ገዳይ ሆኜ አውቃለሁ።

አንደኛው። ፒኤች የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ከቢራ! ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላብራቶሪ ሲሠራ ነው በፈረንጆቹ 1909 ይህንን መለኪያ ያወጣው። መሣሪያው ደግሞ ከሎሚ መጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፍራፍሬ አምራቾች ጋር የሚሠራ አንድ ኬሚስት የሎሚ ጭማቂ መኮምጠጡን መለካት አቃተው፤ ለመጠበቂያ የተጨመረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሌላውን መለኪያ ሁሉ ያሳስትበታል። የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛውን አርኖልድ ቤክማንን አማከረ፤ በ1934 ቤክማን ከመስታወት ኤሌክትሮድ ጋር የሚሠራ ማጉያ ሠራለት። እና ፒኤች የቢራ ልጅ፣ ሜትሩ የሎሚ ልጅ ነው። እኛ አገር ደግሞ ቆዳም፣ ወተትም፣ የእንጀራ ሊጥም፣ የጉድጓድ ውሃም ይለካበታል።

ጫፏ ላይ እንደ ትንሽ አምፖል ያበጠችው መስታወት ተራ መስታወት አይደለችም። ባቄላ ውሃ ውስጥ ሲያድር ልጣጩ ምን ይሆናል? ይለሰልሳል፣ ይርሳል። የዚችም ቆዳ እንደዚያው ውሃ ጠጥቶ ይርሳል። የረሰረሰው ክፍል ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ሥራው ሁሉ ግን እዚያ ነው። ሃይድሮጅኑን የምታውቀው በዚያ እርጥብ ቆዳ ነው። ሲደርቅ ትደነዝዛለች።

ሌላዋ ነገር ይቺ ጎኗ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ ናት። ጃንክሽን እንላታለን። ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ በዚች በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። እንስራ ሲያልብ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ታልባለች። ማላብ አለባት! ላቧ ሲቆም ንባቡ ይንሳፈፋል፤ 6.8፣ 6.9፣ 7.1 እያለ አይረጋም። ስንቶቻችሁ ናችሁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣችሁ «ትረጋለች፣ ትረጋለች» እያላችሁ ምሳ ያለፈባችሁ? እጅ አውጡ። አዎ፣ አዎ። እኔም።

አሁን ሁለተኛው። እንዴት ነው የምንገድላት?

ወጣት ሆኜ የተቀጠርኩት ቆዳ ፋብሪካ ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሰርቪስ 11:30 ላይ ይወጣል፤ ሾፌሩ ደግሞ አንድ ደቂቃ የማይጠብቅ ሰው ነበር። አንድ ዓርብ ቀን የመጨረሻውን ናሙና ለክቼ ሳበቃ ክላክስ ሰማሁ። ኤሌክትሮዷን ከቢከሩ አነሣሁ፣ ማቆሚያው ላይ እንደተንጠለጠለች ጋዋኔን ወርውሬ ሮጥኩ። ክዳን የለ፣ ጨው የለ፣ ማጠብ እንኳን የለ። ሰኞ በዓል ነበር። ማክሰኞ ስመለስ ጫፏ ላይ ነጭ የጨው ፍሬ በቅሎባት፣ የቆዳው ፈሳሽ ደርቆባት አገኘኋት። ባፈር ውስጥ ከተትኳት፤ ምንም ብታደርጋት 7 አትልም። ለአለቃዬ ምን አልኩት? «በራሷ ጊዜ ተበላሸች።»

በራሷ ጊዜ!

ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ግዢ ተጠየቀ፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠበቀ። አዲሷ በሞዴል 22፣ በንብረት ክፍል ማውጫ ቅጽ፣ ወጥታ እጄ የገባችው ከስምንት ወር በኋላ ነው። በነዚያ ስምንት ወራት በምን ለካን? ቀለሙን በሚቀይር የፒኤች ወረቀት። ቆዳ ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቆዳውን የሚያለፋው ክሮም ከመግባቱ በፊት የቆዳው ፒኤች 3 አካባቢ መውረድ አለበት፣ በኋላ ደግሞ ወደ 4 ቀስ ብሎ ይወጣል። የክሮም ፈሳሽ ቀለሙ ምንድን ነው? ሰማያዊ አረንጓዴ። ወረቀቱን እዚያ ውስጥ ነክረህ ቀለሙን አንብብ እስቲ! ወረቀቱም አረንጓዴ፣ ጣቴም አረንጓዴ። እየገመትን ሠራን። የባከነውን ቆዳ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ግን የሚብሰው እሱ አይደለም። አዲሷ ከመጣች በኋላ መሳቢያ ሳጸዳ ያቺን አሮጌዋን አገኘኋት። እንደ ቀልድ በውሃ አለቀለቅኳት፣ አሲድ አስነካኋት፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ከትቼ አሳደርኳት። ጠዋት ባፈር ውስጥ ስከታት 7.0 አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ በሕይወት ነበረች! ጠምቷት ነበር እንጂ አልሞተችም። ለማንም አልተናገርኩም። አለቃዬ ነፍሱን ይማረው፤ ይኸው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሬ ነው።

ስለዚህ ልብ በሉልኝ። ኤሌክትሮድ በሥራ አትሞትም። ቀኑን ሙሉ ብትለኩባት አትሞትም። የምትሞተው ከ11:25 እስከ 11:30 ባለው ጊዜ ነው። ሰርቪሱ አይሄድባችሁም! ያ ልጅ፣ በሌላ ስልክ ሰከንድ ቁጠርልኝ። ይኸው፤ በውሃ አለቀለቅኳት። ሶፍት አስነካኋት። መሙያ ቀዳዳዋን ዘጋሁ። የጨው ውሃ ያለበት ክዳኗን አጠለቅኩላት። ስንት ሆነ? ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። በሠላሳ ስምንት ሰከንድ ማንም ሰርቪስ አምልጦት አያውቅም። ካመለጠውም ታክሲ አለ፤ ኤሌክትሮድ ግን ተራ አስከባሪ ጠርቶ አያመጣትም።

ሶፍት ስል «አስነካኋት» ነው ያልኩት፤ አያችሁ? አላሸኋትም። ያንን ስስ ቆዳ ማሸት መላጥ ነው። በዚያ ላይ ደረቅ መስታወት ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ንባቡም ለደቂቃዎች ይዋልላል። ጠብታዋን ምጠጡላት፣ በቃ።

አሁን የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይም ይሆናል። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ የምታሳድሩ አላችሁ። አላችሁ! «ንጹሕ ውሃ ምን ያደርጋታል?» ትላላችሁ። እኔንም ያስተማረኝ ሰው እንዲያ ነው ያስተማረኝ፤ በጣም የማከብረው ሰው ነበር፣ ተሳስቶ ነበር። ውጭው ባዶ ውሃ ሲሆን ውስጥ ያለው ጨው በጃንክሽኗ በኩል ይሸሻል፤ የመስታወቱም ቆዳ ያለውን ይለቃል። ዲስቲልድ ውሃ ለማለቅለቅ ነው፤ ለማሳደር አይደለም። ለማለቅለቅ ነው፤ ለማሳደር አይደለም! የምታድረው 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ነው። ለ100 ሚሊ 22.4 ግራም ትመዝናላችሁ፣ ዲስቲልድ ውሃ እየጨመራችሁ ታሟሉታላችሁ። ይሄው ነው። ይሄንን ከውጭ በውድ ገዝተው የሚጠብቁ ሰዎች አውቃለሁ፤ ዱቄቱ ግን መደርደሪያቸው ላይ ተቀምጧል። ምናልባት ከሌለ ባፈር 4 ለአንድ ሌሊት ይበቃል።

ስንት ደቂቃ ሆነ? አልደረሰም? ጥሩ።

ስለ ዲስቲልድ ውሃ ካነሣሁ አይቀር። ኤሌክትሮድ ደህና መሆኗን ለማየት ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ የሚከት ሰው አለ። «7 ማለት ነበረባት፣ 5.7 ትላለች፣ ደግሞም አትረጋም፤ ተበላሽታለች።» አልተበላሸችም! አየር ያገኘው ዲስቲልድ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠጣ እውነትም 5.6 አካባቢ ነው። የማትረጋውም ውሃው ባዶ ስለሆነ ነው፤ የምትይዘው ነገር የላትም። ስንቷ ጤነኛ ኤሌክትሮድ በዚህ ምርመራ ተፈርዶባት ወደ ንብረት ክፍል ሄደች!

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ ማጠብ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ፦ ምን ነክታ ነው የመጣችው? ልብስ እንኳን ስታጥቡ የወጥ ነጠብጣብና የሻማ ነጠብጣብ እኩል አታጥቡትም።

ኖራና የውሃ ድንጋይ ከሆነ ይሄው አሲድ ይበቃል። 37 ከመቶ ከሆነው ወፍራሙ ሃይድሮክሎሪክ 8.3 ሚሊ ለአንድ ሊትር። ውሃው ይቅደም፣ አሲዱ ይከተል፤ ይህን ለእናንተ መንገር ነውር ነው፣ ግን እነግራችኋለሁ። ቅባት ከሆነ ለብ ያለ የፈሳሽ ሳሙና ውሃ፣ ከዚያ አልኮል ቶሎ አስነክቶ ማለቅለቅ። ሻጋታ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ። እዚህ ላይ ቁሙ! በረኪናና አሲድ እንዳይገናኙ። ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። አንዱን ካደረጋችሁ በኋላ በብዙ ውሃ ሳታለቀልቁ ሌላውን አትንኩ፤ ቢከሩም ይለይ።

ወተት ቤት የምትሠሩ፣ የእናንተን ጠላት አውቀዋለሁ። ከቆዳው በኋላ ስድስት ዓመት ወተት ስለካ ነው የቆየሁት። የወተት ፕሮቲን መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ በዓይን አይታይም። ኤሌክትሮዷ የምትሰጠው ቁጥር ትክክል ነው፣ ግን እዚያ ለመድረስ ጊዜ ትወስዳለች። ትላንት በግማሽ ደቂቃ 6.7 ያለችው ዛሬ ሦስት ደቂቃ ትፈልጋለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሽማግሌ ሆነች» ይል ነበር። ሽምግልና አይደለም፤ ሻርፕ ተከናንባ ነው የምትለካው! መድኃኒቱ ፔፕሲን ነው፤ በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተበጠበጠ። ፔፕሲንና አሲድ የት ነው አብረው የሚገኙት? ሆዳችሁ ውስጥ። ትላንት ማታ የበላችሁትን ጥሬ ሥጋ የፈጨው እሱ ነው፤ አንዲት ስስ የወተት ሽፋን አያቅተውም። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት።

ቆዳ ፋብሪካ ያላችሁ ደግሞ ጃንክሽናችሁ ይጠቁራል። ጠጉር ለመንቀል ሰልፋይድ ትጠቀማላችሁ፤ ያ ሰልፋይድ ኤሌክትሮዷ ውስጥ ካለው ብር ጋር ይገናኝና የብር ሰልፋይድ ይሆናል። የእናታችሁ የብር መስቀል ለምን ይጠቁራል? ያው ነገር ነው። እኔ በወጣትነቴ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌዋለሁ፤ ጥቁሩ አልለቀቀም፣ መስታወቱ ግን ተጫረ። መድኃኒቱ ታዮዩሪያ በ0.1 ሞላር አሲድ ውስጥ ተበጥብጦ፣ ነጥቡ እስኪነጣ ድረስ። ጓንት አድርጉ፤ ታዮዩሪያ በእጅ የሚነካ ነገር አይደለም።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚሉ መመሪያዎች ታገኛላችሁ፤ መስታወቱን ልጦ ያድሳል ይላሉ። እውነት ነው፣ ያድሳል። ግን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ሥጋን አልፎ አጥንት የሚደርስ አሲድ ነው፤ ለአንዲት ኤሌክትሮድ ብሎ እጁን የሚያጣ ሰው እንዳይ አልፈልግም።

...ሃያ ደቂቃ? ተባረክ። እንግዲህ አወጣኋት፣ አለቀለቅኳት። የድሮውን የውስጥ ፈሳሽ በመርፌ መጥጬ አወጣለሁ። እዩ፣ ደፍርሷል። አዲስ ፖታሲየም ክሎራይድ እስከ ቀዳዳዋ አጠገብ እሞላለሁ። ውስጣቸው በፈሳሽ ፈንታ ጄል ያላቸው አይሞሉም፤ የእናንተ ጄል ከሆነ ይህን ዝለሉት። ጫፏ ላይ የአየር አረፋ ካለ እንደ ትኩሳት መለኪያ ወደ ታች አራግፏት። አሁን ጨው ውስጥ ትቀመጥ። ከማንኛውም እጥበት በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማረፍ አለባት፤ ታጥባ ወዲያው ወደ ሥራ አትገባም፣ አራስ ናት።

ስትለኩ መሙያ ቀዳዳዋን ክፈቱ፤ ተዘግቶ አታልብም። የውስጥ ፈሳሿም ከናሙናው ከፍ ይበል። አንዲት ተማሪ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ካለቀሰች በኋላ የጎማ ቡሿን ብድግ ሳደርግላት ንባቡ ረጋ። እኔን ጠንቋይ ነው ያለችኝ።

ስለ ባፈርም አንድ ነገር። ኩባያ ውስጥ የቀዳችሁትን ባፈር ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባል የለ? የተቀዳ ባፈርም አይመለስም። በተለይ 10 ባፈር፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠጥቶ ይወርዳል፣ እናንተ ደግሞ ኤሌክትሮዷን ትወቅሳላችሁ። ክረምት ላይ ሙቀቱንም አስቡ። ጠርሙሱ ላይ 10.01 የተጻፈው ለ25 ዲግሪ ነው፤ በ20 ዲግሪ 10.06 ነው። ሐምሌ ላይ ላብራቶሪያችሁ ስንት ዲግሪ ነው? ሹራብ ለብሳችሁ ነው የምትሠሩት!

ካሊብሬት ካደረጋችሁ፣ ማለትም በባፈር ካስተካከላችሁ በኋላ፣ ስሎፕ የሚለውን፣ ከጤነኛዋ ከመቶ ስንት እንደምታሳይ የሚናገረውን ቁጥር፣ መዝገብ ላይ ጻፉት። በ25 ዲግሪ ለአንድ ፒኤች 59.16 ሚሊቮልት ሙሉ ውጤት ነው። ከመቶ 95 በላይ ከሆነች ምንም አትበሉ። ከ90 ከወረደች እጠቧት። ታጥባም፣ አድራም ካልተነሣች፣ ወይ መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ ያኔ አልቅሱ፤ ያኔ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። አንድ ወይ ሁለት ዓመት ወግ ነው። የፔኒሲሊን ጠርሙሷ ውስጥ ያለችው አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፣ አይን አይብላብኝ። ደግሞ «ምንዛሪ ሲገኝ» ብላችሁ አምስት ገዝታችሁ አትቆልፉባቸው፤ ሳጥን ውስጥም ያረጃሉ። አንዲት ትርፍ ትበቃለች።

መሰኪያዋን በእርጥብ እጅ አትንኩ። ይህን ልረሳው ነበር። የመስታወቷ ተቃውሞ በመቶ ሚሊዮን ኦም የሚቆጠር ነው፤ መሰኪያው ላይ ያለች ትንሽ እርጥበት ምልክቱን ትሰርቀዋለች።

ቡናው ደርሷል፣ ሽታው እዚህ ድረስ መጥቷል። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ጠይቁኝ። የታመመችዋን ከሦስተኛው ጀበና በኋላ አብረን እንለካታለን። ካልተነሣች ያመጣት ልጅ ይስቅብኛል፣ እስቅባታለሁ ብሎ ነው የተቀመጠው።

በኋላ የተጨመረ፦ ጨው ውስጥ ሰባ ደቂቃ ከቆየች በኋላ ለካናት። 7 ባፈር ውስጥ 9፣ 4 ባፈር ውስጥ 172፤ ልዩነቱ 163 ሚሊቮልት፣ ከመቶ 93 ገደማ። ልጁ በሶፍት ጠቅልሎ ሊወስዳት ሲል አስቆምኩትና የፔኒሲሊን ጠርሙሴን ሰጠሁት። በሩ ላይ ያለው ፈታሽ እንደገና አነሣት አሉ።